የገደሉ አፋፍ ጨዋታና አንድ በርሜል ውሃ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ወንዙ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ተቆራረጠ፣ በመጨረሻ ድንጋይ ብቻ ሆነ። ቧንቧዎች ሲከፈቱ ያፏጩ ነበር፤ ኋላ ማፏጨቱንም ተዉት። ሰው ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ለመደ። የጓሮ አትክልት ያለው አትክልቱ ሲደርቅ እያየ ዋለ።

በዚህ ክፉ ወቅት የከተማው ውሃ ቢሮ ለአንድ ቀን እንኳ ከሥራው አልተጓደለም። ጠዋት በሰዓቱ ይከፈታል፣ ማታ በሰዓቱ ይዘጋል። በመካከሉ የሚሰጥ ውሃ ባይኖርም ስብሰባ አልተቋረጠም። ስለ ውሃ እጥረቱ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ የታሸገ ውሃ ባለመቅረቡ ቅሬታ ተነሥቶ ነበር፤ እሱም በሚቀጥለው ስብሰባ ታረመ።

የቢሮው ኃላፊ አስተዋይ ሰው ነበሩ። ለቀረበላቸው ጥያቄ ሁሉ መልስ አያጡም፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «በሂደት ላይ ነው።» ስለዚህ ከተማው አቶ ሂደት ይላቸዋል። ስሙን ሰምተውት አያውቁም። ቢሰሙትም ሹመት የተጨመረላቸው ይመስላቸው ነበር።

አቶ ሂደትን እንቅልፍ የምትነሳቸው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ከቢሮው አጥር ወዲያ ልብስ የምታጥብ አሮጊት ናት። የዛሬ አራት ዓመት በስብሰባ አዳራሹ ውስጥ የሻይ ማፍያው ገመድ እሳት አስነሣ። በቢሮው ግቢ ከፍ ባለ ማማ ላይ የመጠባበቂያ ውሃ ታንከር አለ፤ ለድንገተኛ አደጋ ብቻ ተብሎ ታሽጓል። የሚከፈተው ግን በፊርማ ነው፤ ፈራሚው ደግሞ ያን ቀን የዓመት ፈቃድ ላይ ነበር። እሳቱን ያጠፋችው ልብስ አጣቢዋ ናት። ለሥራዋ ያጠራቀመችውን አንድ በርሜል ውሃ በባልዲ እያመላለሰች እስከ ጠብታው ጨረሰችው። አዳራሹ ተረፈ። አቶ ሂደትም በተረፈው አዳራሽ ውስጥ ስለ ጉርብትና ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ውሃውም በአስቸኳይ እንደሚመለስላት በጭብጨባ ቃል ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ በመጣ ቁጥር ባዶ በርሜሏን እያንከባለለች ትመጣለች።

«ልጄ፣ ውሃዬስ?»

«እማማ፣ በሂደት ላይ ነው።»

«የት ደረሰ?»

«ሂደቱ ላይ።»

በርሜሏን እያንከባለለች ትመለሳለች። የበርሜሉ ድምፅ ግቢውን ሁሉ ያንጓጓዋል። አቶ ሂደት ድምፁ እስኪያልፍ ድረስ መስኮቱን ይዘጋሉ። ድርቁ ከገባ ወዲህ ግን አነጋገሯ ተለወጠ። «ውሃ ካላገኘሁ በሬን መዝጋቴ ነው፤ አንተ ግን መስኮትህን ብቻ ነው የምትዘጋው» አለቻቸው። ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት፤ ነገር ግን ትልቅ ሰው ስለሆኑ ይቅር አሏት።

በዚህ መካከል የበላይ መሥሪያ ቤቱ አንድ የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን እንዳገኘ ተሰማ። ማሽኑ አንድ ነው፤ የተጠሙት ከተሞች ሁለት ናቸው፤ የኛውና ከተራራው ማዶ ያለው። ማሽኑን ያላገኘ ቢሮ ተዘግቶ ካገኘው ጋር ይቀላቀላል ተባለ። አቶ ሂደት ነገሩን በሁለት ወገን አዩት፦ ለከተማው ውሃ፣ ለራሳቸው ወንበር። ሁለተኛው ወገን በተለይ ከነከናቸው።

አንድ ጠዋት ምክትላቸው ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ጌታዬ፣ ትልቅ ነገር ሰምቻለሁ።»

«ከማን?»

«ከሹፌር። ከራሳቸው ከበላይ ኃላፊው ሹፌር።»

«ሹፌር ካለው አለቀ። ቀጥል።»

«የበላይ ኃላፊው ጎልፍ ይወዳሉ።»

«ጎልፍ? የት ሜዳ ላይ?»

«በኮምፒውተር ነው ጌታዬ፤ በኢንተርኔት። ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ሜዳ አለ አሉ፤ ከሥሩ ባሕር ነው። ያን ሜዳ የማያውቅ ሰው አይንቁትም፤ ጭራሽ አያዩትም እንጂ። ስማቸውን ደብቀው 'ንስር' ብለው ነው የሚጫወቱት።»

«ለምን ንስር?»

«ከላይ ሆነው ስለሚያዩን ይሆናላ።»

አቶ ሂደት ከወንበራቸው ተነሡ። በሥራ ዘመናቸው ይህን ያህል የተሟላ ማስረጃ ይዘው ወስነው አያውቁም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ነጭ ኳስ ሣር ላይ ትቀመጣለች። ፊት ለፊቷ ገደል ነው፤ ከገደሉ ማዶ ሌላ አፋፍ፣ እዚያ ላይ ትንሽ ቀዳዳና ቀይ ባንዲራ። ከሥር ባሕሩ ድንጋዩን ይደበድባል። በስክሪኑ ጥግ የንፋሱን አቅጣጫ የምታሳይ ቀስት አለች። ጉልበትን የምትለካ መስመር ትሞላለች፣ ትጎድላለች። ማውሱን በልኩ ጎትቶ በሰዓቱ መልቀቅ ነው። ካነሰ ኳሷ ባሕር ትገባለች፤ ከበዛም በማዶ በኩል ያው ባሕር ነው። የቆየ ሰው ደግሞ ደወል ይጮህበትና ተራው ያልፋል። እንግዲህ በዚያ ደረቅ ዓመት ውሃ ቢሮው ያገኘው የመጀመሪያ ውሃ ይህ ነበር።

ሥራው በሥርዓት ተጀመረ። የንፋስ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ምክትሉ ሆነ። ፓምፖቹ ሁሉ ደርቀው እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው ፓምፕ ጠጋኝ የኳስ መምቻ ዱላ መረጣ ንዑስ ኮሚቴ ተባለ። ማውሱን የሚይዙት ኃላፊው ራሳቸው ናቸው፤ ኃላፊነት አይወከልምና።

«ንፋሱ ከግራ ነው» አለ ምክትሉ በመጀመሪያው ቀን።

«ከግራ መሆኑን ማን አጸደቀው?»

«ቀስቷ ታሳያለች ጌታዬ።»

«ቀስቷ የኮሚቴው አባል ናት?»

«አይደለችም።»

«እንግዲያው ድምፅ ስጡ።»

ምክትሉና ፓምፕ ጠጋኙ እጃቸውን አወጡ። ደወሉ ጮኸ፤ ተራው አለፈ። በዕለቱ ሪፖርት ላይ «ኳሷ በተመደበችበት ቦታ ጸንታ ውላለች» ተባለ። በማግስቱ መቱ፤ ኳሷ ገደሉን ታክካ ቁልቁል ወረደች። ሪፖርቱም «ወደ ውሃ ሀብት ዘርፍ ተዛውራለች» አለ። በሳምንቱ መጨረሻ ወደዚያ ዘርፍ የተዛወሩት ኳሶች ከቢሮው ሠራተኞች በለጡ።

ነገሩ ሲጣራ የኃላፊው እጅ እንደሚንቀጠቀጥ ተደረሰበት። አቶ ሂደት ከፍታ ይፈራሉ። አምፖል ለመቀየር እንኳ ወንበር ላይ ወጥተው አያውቁም። ስክሪኑ ላይ ገደሉ ብቅ ሲል ጠረጴዛውን በግራ እጃቸው ጨምድደው ይይዛሉ።

«ገደልማ ይለመዳል፤ ገደል ካለ» አለ ፓምፕ ጠጋኙ። ቀልዱን ነበር። ቀልድ በዚያ ቢሮ ቃለ ጉባኤ ላይ ሲሰፍር ግን ውሳኔ ይሆናል።

ከቢሮው ጀርባ ድሮ ውሃ ይጣራበት የነበረ ጥልቅ የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ ከደረቀ ቆይቷል። ጠረጴዛውና ኮምፒውተሩ በረጅም ገመድ ተስበው ከገንዳው ግንብ ጫፍ ላይ ተተከሉ። ስክሪኑን ፀሐይ እንዳይመታው ጃንጥላ ተዘረጋለት። አቶ ሂደት ተቀምጠው ቁልቁል አዩ።

«ይሄ ገደል ነው እንጂ ባሕር የለውም» አሉ።

ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ማማው ቀና አሉ፤ ወደ ታሸገው ታንከር።

«እሱ ለድንገተኛ አደጋ አይደለም እንዴ?» አለ ፓምፕ ጠጋኙ።

«የኃላፊው ፍርሃት ምን ሊባል ነው ታዲያ?» አለ ምክትሉ።

ፈራሚው በዚያ ሰሞን ፈቃድ ላይ አልነበረም። ታንከሩ ተከፈተ፤ ውሃው እየተንደረደረ ገንዳው ውስጥ ገባ። ከአጥሩ ወዲያ ሰዎች ድምፁን ሰምተው ቆሙ፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ ጆሯቸውን ተጠራጥረው ሄዱ። ልብስ አጣቢዋ ብቻ አልሄደችም። እሷ የውሃ ድምፅ አትስትም።

አቶ ሂደት በባሕራቸው አፋፍ ላይ ተቀምጠው በእውነት ሠለጠኑ። እጃቸው ረጋ። ኳሷ ገደሉን ተሻግራ ባንዲራዋ ሥር ማረፍ ለመደች። ሠራተኛው አጨበጨበ። በዚህ ደስታ መካከል ምክትሉ እጆቹን እያፋተገ መጣ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር አላሰብንም። የበላይን ማሸነፍ ይቻላል እንዴ?»

አቶ ሂደት ደነገጡ። «አይቻልም።»

«መሸነፍስ?»

«በክብር ከሆነ ይቻላል።»

ስለዚህ መምታት የተማሩት ሰውዬ እንደገና መሳት መማር ጀመሩ። የቀድሞው ችሎታቸው ገና ስላልጠፋ ቶሎ ያዙት።

አቶ ሂደት ለአክብሮት እሳቸውም 'ንስር' ተብለው ተመዝግበው የጨዋታ ጥሪ ላኩ፤ ግጥሚያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ሠራተኛው በሙሉ ገንዳው ጫፍ ተሰበሰበ፤ ዘበኛው እንኳ በሩን ትቶ መጣ። 'ንስር' ብቅ አለ። አቶ ሂደት ከረቫታቸውን አስተካክለው መቱ፤ ኳሷ ጨዋ ሆና ባሕር ገባች።

ንስርም መታ። የሱም ባሕር ገባች።

«ትሕትናቸውን አያችሁ!» አሉ አቶ ሂደት።

በሁለተኛው ቀዳዳ አቶ ሂደት ኳሷን ይበልጥ ከባንዲራዋ አራቁ። ንስር የሱን ከዚያም አራቀ። በሦስተኛው አቶ ሂደት ለባንዲራዋ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ክፍት ባሕር ላኩ። ንስርም ዞረ። እንዲህ እየተከባበሩ ባሕሩን በኳስ ሞሉት።

«እየፈተኑን ነው» አለ ምክትሉ ላቡን እየጠረገ። «ከሳቸው በፊት ካልተሸነፍን ማሽኑ ሄደ።»

በዚህ ጊዜ ጠባቂ ባጣው በር በኩል በርሜል እየተንጓጓ ገባ። ቀኑ ሰኞ አልነበረም። ከበርሜሉ ኋላ ልብስ አጣቢዋ፣ ከልብስ አጣቢዋ ኋላ ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ።

«ልጄ፣ ውሃዬስ?»

አቶ ሂደት ዓይናቸውን ከቀስቷ አላነሡም። «እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ። በሂደት ላይ ነው።»

«ሂደቱማ ይኸውና ደርሷል» አለችና ባልዲዋን ከእግራቸው ሥር ነከረች።

ፓምፕ ጠጋኙ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ባልዲውን አየ። ንዑስ ኮሚቴውን ትቶ ወረደ። «አምጪ እማማ፣ እኔ ልቅዳልሽ።»

«ጌታዬ፣ ባሕሩ እየጎደለ ነው!» አለ ምክትሉ።

«ዝም በል፣ ንፋስ አለ!»

ከኋላቸው አንድ ጫማው አቧራ የለበሰ ሰውዬ መጥቶ ቆሟል። በሩ ላይ የተቀበለው የለም።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አለ።

ምክትሉ ዞር ሳይል በእጁ ገፋው። «ከበላይ ኃላፊው ጋር ጎልፍ እየተጫወትን ነው፤ አትረብሸን ወንድሜ።»

«ከየትኛው የበላይ ኃላፊ ጋር?»

«ስንት አለንና? ያው አንዱ...» ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ። የበላይ ኃላፊው በአካል ቆመዋል።

አቶ ሂደትም ቀስ ብለው ዞሩ፤ ማውሱ ከእጃቸው ወድቆ በገመዱ ተንጠለጠለ። «ታዲያ ይሄኛው ማነው?» አሉ ስክሪኑን እያሳዩ።

ንስር እዚያው ላይ መልእክት ጻፈ። የበላይ ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ክቡርነትዎ፣ እንደ እርስዎ አሳምሮ ኳስ የሚስት ሰው አይተን አናውቅም። እባክዎ ማሽኑን ለኛ ይፍቀዱልን። የማዶው ውሃ ቢሮ ኃላፊ።»

ፓምፕ ጠጋኙ የመጨረሻውን ባልዲ በርሜሉ ላይ ገለበጠ።

«ጎልፍ የሚወደውስ ሹፌሬ ነው፤ ወሬውን ከነስሙ ለማዶውም ነግሮታል ማለት ነው» አሉ የበላይ ኃላፊው። ቀጥለው ወደ ገንዳው ጎንበስ አሉ። በርሜሉ እስከ አፉ ሞልቷል። ሰፈሩ በተራ ተሰልፎ፣ አሮጊት ካለች ቅድሚያ እየሰጠ፣ ጠብታ ሳያፈስ ይቀዳል። «ይህን ውሃ የሚያከፋፍለው ማነው?»

አቶ ሂደት አፋቸውን ከፈቱ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ነገር በሂደት ላይ አልነበረም።

«እኔ ዕዳዬን ነው የተቀበልኩት» አለች ልብስ አጣቢዋ። «የተረፈውን ጎረቤት ይውሰድ ብዬ ነው።»

«አንቺ ነሽ ያሰለፍሻቸው?»

«ስብሰባ ልጥራላቸው ኖሯል?»

የበላይ ኃላፊው ሳቁ። «ማሽኑ እዚህ ይመጣል» አሉ። ምክትሉ ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ። «የሚቆፈረው ግን ከአጥሩ ወዲያ ነው። የቧንቧው ቁልፍም እሷ ዘንድ ይሆናል።»

ተቆፈረ፤ ውሃ ወጣ። ቢሮው በዓመታዊ ሪፖርቱ ድሉን በሰፊው አተተ፤ በገደል አፋፍ ላይ በተደረገ መሪር ትግል የተገኘ ውጤት መሆኑንም ገለጸ። ወንበሩም ለአቶ ሂደት ተረፈ። ታንከሩ ባዶ ስለነበር ግን ለስብሰባው ሻይ የሚፈላበት ውሃ ጠፋ።

ስለዚህ አንድ ሰኞ ጠዋት አቶ ሂደት እጅጌያቸውን ሰብስበው ባዶ በርሜል እያንከባለሉ ከአጥሩ ወዲያ ተሻገሩ። ድምፁ ሰፈሩን ሁሉ አንጓጓው፤ መስኮት የዘጋ ሰው ግን አልነበረም። ልብስ አጣቢዋ ሰፊ አንሶላ ገመድ ላይ እያሰጣች ነው።

«እማማ፣ ውሃ ፈልጌ ነበር።»

የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። «በሂደት ላይ ነው፣ ልጄ።»

አቶ ሂደት አንገታቸውን ደፉ። «የት ደረሰ?»

የአንሶላውን አንድ ጫፍ ቆነጠጠች፤ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደች፤ መካከሉ ላይ የተጨማደደውን በመዳፏ አስተካከለች፤ አንድ እርምጃ ወደኋላ ብላ አየችው። እሳቸው ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ሄዳ ቧንቧውን ከፈተችላቸው።

«በል ቅዳ» አለች። «ውሃውን ቀደም ብለህ ከፍለሃል። የቀረብህ አራት ዓመት ያስጠበቅኸኝ ዕዳ ነበር፤ እሱም አሁን ተከፈለ።»