ባለቀንዱ ንጉሥና ባለቁሯ ሴት

(ማሮኔያ ወደብ። ወታደሩ ዴርኪሎስ ከስድስት ዓመት ዘመቻ ትናንት ገብቷል። ሚስቱ ሜሊታ ዓሣ በጨው ማሸቱን ትታ፣ እሱ ያመጣውን የንጉሥ ምስል ያለበት የብር ሳንቲም ወደ ብርሃን ታዞራለች።)

ሜሊታ፦ ጆሮ ነው አልኩህ!

ዴርኪሎስ፦ ቀንድ ነው! የበግ ቀንድ!

ሜሊታ፦ ንጉሥ ቀንድ ያበቅላል?

ዴርኪሎስ፦ የአሞን ልጅ ነዋ! የአምላክ!

ሜሊታ፦ አምላኩ በግ ነው?

ዴርኪሎስ፦ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል! የኃይል ምልክት ነው።

ሜሊታ፦ ታዲያ የራስ ቁሩን በየት በኩል ያጠልቀዋል?

ዴርኪሎስ፦ በሕይወቱ ቀንድ አልነበረውም! ከሞተ በኋላ ነው የተቀረጸለት።

ሜሊታ፦ አይ ጉድ፣ ሞቶ አበቀለ!

ዴርኪሎስ፦ ከዓሣ ጋር ከርመሽ ዓሣ ሆነሻል! እኔ አገር አይቼ ነው የመጣሁት።

ሜሊታ፦ (ሳንቲሙን ትገለብጣለች) እሺ፣ ይቺስ ማናት? ቁሯን ደፍታ፣ ጋሻዋን አጠገቧ አድርጋ ዘና ብላ የተቀመጠችው? ጦር ሰፈር ሴት ነበረች እንዴ?

ዴርኪሎስ፦ አቴና ናት እኮ!

ሜሊታ፦ የምታበስልላችሁ?

ዴርኪሎስ፦ አምላክ ታበስላለች? ድል ነው የምትሰጠን!

ሜሊታ፦ እጇ ላይ የቆመችው ትንሿስ? ልጇ ናት?

ዴርኪሎስ፦ እሷ ኒኬ ናት። ድል ራሷ!

ሜሊታ፦ ከማን ወለደቻት?

ዴርኪሎስ፦ ከማንም! አቴና ድንግል ናት!

ሜሊታ፦ ይህን ሁሉ ዘመን ከወታደር ጋር ኖራ?

ዴርኪሎስ፦ (ግንባሩን እየመታ) የሰርዴሷ ሴትዮ መሰለችሽ? እሷ ቁር የላት፣ ጋሻ የላት! ምስር የምትቀቅለው እሷ ናት፣ ልጇም ወንድ...

(ሜሊታ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች።)

ሜሊታ፦ እህ? ጨርሰው እንጂ።

ዴርኪሎስ፦ አንቺ... አቴናን ታውቂያት ነበር?

ሜሊታ፦ በዚህ ዓይነት ሳንቲም ስንት ዓመት ዓሣ ሸጬ እንዴት አላውቃትም? ሌሊቱን ሙሉ «ምስሩን ጨምሪልኝ» እያልክ ስትቃዥ አደርክ። እኔ ደግሞ በዚህ ቤት ምስር ቀቅዬ አላውቅም።

ዴርኪሎስ፦ ሜሊታ፣ እኔ እኮ...

ሜሊታ፦ (በርጩማ ትገፋለታለች) ተቀመጥ። ስለ እናትየው ኋላ እንነጋገራለን። ልጁን ማን አላችሁት?