ሥር መርማሪው ጎረቤቴ

ክረምት ሲገባ ችግኝ የሚተክል ሰው ሞልቷል። ተክሎ መተው የማይችለውንስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልወድም፤ ሶዶ ውስጥ ግን ጎረቤታችንን ጋሽ ዳናን የሚያህል የለም። ሚስታቸው እትዬ ታደለች ጥላና ፍሬ ተመኝተው ከሻንቶ በሚኒባስ አቅፈው ያመጡትን የአቮካዶ ችግኝ፣ ጋሼ በየቅዳሜው እየነቀሉ ሥሩን ይመረምራሉ። ከዚያ መልሰው ይተክሉታል።

«ጋሼ፣ ይደርቃል እኮ!» አልኳቸው።

«እንሰት እየተነቀለ እየተተከለ አይደል እንዴ የሚወፍረው? አቮካዶ ከእንሰት ይበልጣል?» ብለው አፈጠጡብኝ።

በአራተኛው ቅዳሜ ቅጠሉ ረግፎ አለቀ። እትዬ ታደለች እንባቸው መጣ፤ «በቃ፣ ገደልከው!» አሉ።

ጋሼ የደረቀውን ሥር እያገላበጡ፣ «እኔማ ከመጀመሪያውም ጠርጥሬው ነበር» አሉ።