«ሰ» የጠፋባቸው መሪጌታ

እኛ ጥርስን በንግግራችን የምናከብራትን ያህል በአፋችን ውስጥ አናከብራትም። መከራ የቻለ ሰው «ጥርሱን ነክሶ» ያልፋል፤ የተቀየምነው ሰው «ጥርሳችን ውስጥ ይገባል»፤ ባለሙያ ሁሉ «ጥርሱን የነቀለበት» ሙያ አለው፤ ጨዋታ አዋቂ ሲመጣ ደግሞ «ጥርስ አያስከድን» እንለዋለን። ፍንጭት ያላት ልጅማ ዘፈን ይወጣላታል። ይህ ሁሉ ክብር የሚቆየው ግን ጥርሷ እስክትታመም ነው። ያመመች ዕለት ፍርዱ አንድ ነው፤ ትነቀል! ይግባኝ የለውም።

በሬያችን ቢያነክስ አገላብጠን እናሸዋለን እንጂ እግሩን አንቆርጥም። ጣራችን ቢያፈስ ክረምት ሳይገባ እንጠግነዋለን እንጂ ቤቱን አናፈርስም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ተረት ያላቸው አባቶች ልጆች ነን። ተረቱን ለእርሻ፣ ለጎጆ፣ ለትዳር፣ ለእድር ጠብ ስንጠቅሰው እንውላለን፤ ወደ አፋችን ግን አስገብተነው አናውቅም። እናንተም ብትሆኑ፣ ይህን ስታነቡ ምላሳችሁ አንዲት የማታምኗትን ጥርስ ልትጠይቅ ሄዳለች። አትደብቁኝ።

እኔ ራሴ ስለ ጥርስ ማሰብ የጀመርኩት በገዛ ጥርሴ ሳይሆን በአማቼ ጥርስ ነው። አማቼ፣ ማለትም የባለቤቴ አባት፣ መሪጌታ ይባቤ ይባላሉ። ትውልዳቸው ዋግ፣ ደሃና ነው፤ ኑሯቸው ግን እዚህ ሰቆጣ፣ ከከተማዋ ዳር ባለች ደብር ነው። የዜማ መምህር ናቸው። የዜማ መምህር ማለት ደግሞ በመጽሐፍ ብቻ የማይገኘውን ከአፉ አውጥቶ በሰው ጆሮ የሚተክል ሰው ማለት ነው። ተማሪዎቻቸው እዚሁ ዋግ ካሉት ከዝቋላም ከፃግብጂም በእግራቸው እየመጡ በደብሩ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ይቀመጣሉ። እርሳቸው ይላሉ፤ ተማሪዎቹ ይቀበላሉ። መምህሩ ካለው ላይ አንዲት ድምፅ መጨመርም መቀነስም ነውር ነው።

የመሪጌታ ጥርስ መታመም የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ በአንድ በኩል ማኘክ ጀመሩ። ከዚያ ቆሎ ተዉ። ከዚያ አንድ የፊት ጥርሳቸው እንቅልፍ ሲነሳቸው፣ ለዘመድ ልቅሶ ደሃና በሄዱበት አንድ ሰው ጎትቶ ነቀለላቸው። ብቻዋን የቀረችው ጎረቤቷ ደግሞ ትንሽ ጊዜ ስትወዛወዝ ቆይታ፣ አንድ ቀን ከዳቦ ጋር ወጣች። ከዚያ ወዲያ መሪጌታ ሲስቁ ያየ የለም። ሲያወሩም የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ያመጣሉ። እኛ ቤት ሲመጡ ባለቤቴ እንጀራውን በደንብ አርሳ ታቀርባለች፤ እኔም እንዳላየ ሰው ወደ መስኮቱ አያለሁ። የአማትን አፍ ትክ ብሎ ማየት በኛ አገር ከስድብ አይተናነስም።

ትልቁ ችግር ግን መብላቱ አልነበረም። ፊደላችን ቸር ሆኖ ሁለት «ሰ» ሰጥቶናል፤ እሳቱ «ሰ» እና ንጉሡ «ሠ»። ሁለቱንም ሁለት ጥርስ ይዟቸው ሄደ። መሪጌታ «ሰላም» ሊሉ ሲነሱ በባዶው ቦታ ንፋስ ይሾልክና «ፈላም» የመሰለ ነገር ይወጣል። «ስብሐት» «ፍብሐት» ይሆናል። በተራ ወሬ ላይ ቢሆን ማን ልብ ይላል? ዜማ ላይ ግን ተማሪዎቹ ልብ ብለው ያዙት። አጥብቀው ያዙት። አንድ ጠዋት መሪጌታ ከጎጆዎቹ በስተኋላ ሲያልፉ፣ በረዶ የመሰለ ጥርስ ያላቸው ጎረምሶች ሁሉ ምላሳቸውን እያሾለኩ «ፈላም» ሲሉ ሰሙ።

ሚስታቸው፣ አማቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንደ ነገሩኝ፣ ያን ዕለት ምሳ አልበሉም።

«ወንበሩን ልለቅ ነው» አሉ። «ደሃና ወንድሜ ዘንድ ገብቼ ገብስ እጠብቃለሁ። ወፍ ለማባረር ጥርስ አያስፈልግም።»

«ኧረ ይተው! ሰው በጥርስ ያስተምራል?» አሏቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

«የተበላሸ ቃል ዘርቼ ከምሞት ዝም ብዬ ብሞት ይሻላል።»

እንግዲህ ይህ ሳያንስ፣ ከባዶው ቦታ አጠገብ ያለችው ክራንቻ ደግሞ ማመም ጀመረች። ጉንጫቸው አበጠ። መሪጌታ ጠሩኝና «ሐኪም ቤት ውሰደኝና ይቺንም ትነቀልልኝ። ወደ አገሬ ስገባ ሕመም ይዤ መግባት አልፈልግም» አሉኝ። ተነሥተን ሄድን።

የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ምሕረት ትባላለች። የዝቋላ ልጅ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸውና መብራቱን ወደ ፊታቸው አዞረች።

«አፍዎን ይክፈቱ፣ አባቴ።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አመጡ። ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ግድግዳው ላይ የአንዲት ትልቅ የመንጋጋ ጥርስ ሥዕል ተሰቅሏል፤ እሱን ማንበብ ጀመርኩ። ጋቢው ግን ከአፋቸው አልወረደም። ያ አፍ ስንቱን ካህን ያወጣ አፍ ነው፤ ከዚያ ከደሃናው ጥርስ ነቃይ በቀር ግን አንድም ሰው ውስጡን አይቶት አያውቅም። አሁን ደግሞ በልጃቸው ዕድሜ ያለች ሴት ልታየው!

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ አልተቻኮለችም። ከአማርኛ ወደ ዋግ አገዎች ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣኛ ተሻገረችና አንድ ነገር አለቻቸው። እኔ የወልድያ ሰው ነኝ፤ ኽምጣኛዬ ከገበያ ሰላምታ አያልፍም፤ አልገባኝም። ብቻ ከኋላዬ የወንበሩ ቆዳ ሲንቋቋ ሰማሁ። ስዞር መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፍተዋል። በኋላ ምን እንዳለቻቸው ብጠይቃቸው፣ «‹የእናቴ ወንድም፣ ይክፈቱልኝ› አለችኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቋንቋ አባብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም» አሉኝ።

በቀጭን ብረት ነካ ነካ እያደረገች ብዙ አየች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ክራንቻዋ አትነቀልም።»

«አመመችኝ እኮ፣ ልጄ!» አሉ መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው መልሰው።

«ስላመመች ነው የምትታከመው። ሥሯን አጥርቼ እሞላታለሁ። ድድዎንም እናጥባለን። ይቺ ጥርስ ብትነቀል ኖሮ ለጠፉት ለሁለቱ ምሰሶ የሚሆን አላገኝም ነበር። በወዲህ በኩል እሷ፣ በወዲያ በኩል ከባዶው ማዶ ያለችው ጥርስ፣ መሐል ላይ አዲሶቹን አስደግፈን እንተክላለን።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «እንደገና... ‹ሰ› ማለት እችላለሁ?»

ያን ሲሉ «ሰ»ዋ እንደ ልማዷ ንፋስ ሆና ወጣች። ሐኪሟም ጥያቄው የማኘክ ጥያቄ አለመሆኑ ያን ጊዜ ገባት።

«ይችላሉ» አለች። «ትንሽ ልምምድ ይፈልጋል እንጂ ይችላሉ።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ተረት ስንተርት የኖርነው ለሽማግሌዎች ጉባኤ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሐኪሟ በማደንዘዣ አደንዝዛ፣ በመርፌ ቅጥነት ባለው መሣሪያ የጥርሷን ሥር ስትጠርግ ሳይ፣ ተረቱ ቤቱን ያገኘ መሰለኝ። ሥራው በአንድ ቀን አላለቀም። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሆነ። ጾም ሲመጣ ሕክምናው በውሃ መጉመጥመጥ ስላለው የመሪጌታን ቀጠሮ ከጾም ሰዓት በኋላ አደረገችላቸው። የጥርሳቸውን ልክ ሊጥ በመሰለ ነገር ወስዳ፣ አዲሶቹ ጥርሶች ወደሚሠሩበት ትልቅ ከተማ ላከች።

ስንጠብቅ መሪጌታ አዲስ ጭንቀት ወለዱ። ከእናቴ ማኅፀን ያልመጣ ጥርስ አድርጌ እንዴት ቤተ መቅደስ እቆማለሁ አሉ። የነፍስ አባታቸውን ጠየቁ። የነፍስ አባታቸው መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ላይ አንሥተው፣ በጋቢያቸው ጠርገው፣ መልሰው አደረጉና «ይኼንንስ እናቴ የወለደችኝ ጊዜ አድርጌው ነበር?» አሏቸው። በዚሁ ተዘጋ።

በአንዱ ቀጠሮ ላይ ሐኪሟ በምን እንደሚያጸዱ ጠየቀቻቸው። «በወይራ መፋቂያ ነዋ! ከልጅነቴ ጀምሮ» አሉ በኩራት።

«መፋቂያው ጥሩ ነው። ግን የሚፍቁት የፊቱን ብቻ ነው። የኋላዎቹንና የውስጡን ነክተዋቸው አያውቁም።»

ይህቺ ንግግር እኔንም ወጋችኝ። ሰው ሁሉ እኮ የሚፍቀው ለሰው የሚታየውን ነው! ግቢያችንን ከመንገድ በሚታየው በኩል እንጠርጋለን፤ ጸባያችንን ለእንግዳ እናሳምራለን፤ ኋላ ያለውን፣ ሥራውን በሙሉ የሚሠራልንን ግን ጨለማ ውስጥ እንተወዋለን። የሚጀምረውም እዚያ ነው። ያን ዕለት ቡርሽ ገዝቼ ገባሁ። ባለቤቴ ከማን ጋር ቀጠሮ እንዳለኝ ጠየቀችኝ።

ማር እንዲተዉ ታዛቸዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። የዋግን ሰው ማር ተው ማለት ዋግን ተው ማለት ነው። እሷ ግን የኛው ልጅ ናት። «ማር ይተዉ አላልኩም» አለች፤ «ማር በአፍዎ ይዘው አይተኙ ነው ያልኩት።»

ጥርሶቹ መጡ። የተተከሉላቸው ዕለት መሪጌታ አንድ ቃል ሳይናገሩ ቤት ገቡ፤ ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ። እኔና ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግቢው ውስጥ ቆመን ነበር። ቆይቶ እንደ እባብ ፉጨት ያለ ነገር ተሰማ። እንደገና። እንደገና። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የነጠላቸውን ጠርዝ በእጃቸው ጨብጠዋል። ከዚያ ከበሩ ሥር፣ ጥርት ብላ፣ ክር እንደ ያዘች መርፌ ቀጥ ብላ «ሰ» ወጣች። «ሰ...ላም።» አማቴ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ድምፃቸው ነው» አሉኝ፤ ሌላ ሰው ከጓዳ የሚወጣ ይመስል።

ተማሪዎቹ ለመታረም ብዙ አልፈጀባቸውም፤ ጎረምሳ እንዳጠፋ ያለማል። አሁን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት በፊት መፋቂያቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው «ወደ ውስጥ! ወደ ኋላ!» ይላሉ። ሐኪሟ ወታደር አገኘች።

ወጉ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንድ ቀን ዲያቆን ፍሬው የሚባል፣ ከመሪጌታ ተምሮ ወደ ፃግብጂ የሄደ ጎበዝ፣ መምህሩን ሊጠይቅ መጣ። ጉልበት ስሞ ተቀመጠ። መሪጌታም «እስቲ አንድ አሰማኝ» አሉት። ዲያቆን ፍሬው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሠላሳ ሁለቱም ጥርሱ በቦታው እያለ፣ በሚያምር ድምፅ «ፈ...ላም» ብሎ ጀመረ።

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ጥርስህን ምን ነካው?»

«ምንም አልነካው፣ የኔታ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትለው?»

«እንዳስተማሩኝ ነው።»

«ለማን አስተማርከው?»

ዲያቆን ፍሬው ደስ ብሎት «ለደብሩ በሙሉ» አለ።

በሳምንቱ ፃግብጂ ነን። መኪናው እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። እሑድ ጠዋት ወደ ደብሯ ስንቃረብ ዜማው ወደ ውጭ ይሰማል። ቄሱም፣ ዲያቆኑም፣ ሴቱም፣ ወንዱም፣ እንደ አንድ አፍ ሆነው «ፈላም» ይላሉ። መሪጌታ በሩ ላይ ቆሙ። የሚቆጡ መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«አየህ» አሉኝ፤ «ጉድለቴን እንኳ ሳይመርጡ ተሸክመውልኛል። ይህን ያህል አምነውኛል።»

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ሰብስበው ነገሩን ነገሯቸው። አላፈሩም፤ አፋቸውን ከፍተው ድሮ ምን እንደ ነበረ፣ አሁን ምን እንደ ሆነ በጣታቸው አሳዩ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እርሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ከሥር ጀምረው አስተካከሉ። ፀሐይ ሳትበረታ ደብሯ በሙሉ ጥርት ያለ «ሰ» አላት።

አንድ ሰው ብቻ ቀሩ። ቄሰ ገበዝ አረጋ፣ የደብሯ ሽማግሌ፣ እየደጋገሙ ቢሞክሩም «ፈላም» ሆነባቸው።

«እርስዎ ደግሞ ምን ሆኑ?» አሏቸው መሪጌታ።

«እኔማ ከናንተ በፊትም እንዲሁ ነበርኩ» አሉ ቄሰ ገበዝ፤ «ዲያቆኑ ሲመጣ፣ ተመስገን፣ አገሩ ወደኔ መጣ ብዬ ነበር።»

ይዘናቸው ተመለስን። ዶክተር ምሕረት ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ልታያቸው ብትል፣ እርሳቸውም ከንፈራቸውን ገጥመው እምቢ አሉ። «ምን ልታዪ ነው? ሦስት ጥርስ ናት የቀረችኝ። ሦስት ጥርስ ምን ትሠራለች?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው አጠገባቸው ቆመዋል። «አይ ቄሰ ገበዝ! ዕድሜዎን ሙሉ በሥላሴ አምነው ኖረው፣ ዛሬ ሦስት አነሰኝ ይላሉ?»

ቄሰ ገበዝ ከሆዳቸው ሳቁ፤ አፋቸው ወለል ብሎ ተከፈተ። ሐኪሟም መልሰው እስኪዘጉት አልጠበቀችም፤ መስተዋቷን ይዛ ገባች።