ባሽሙሃንዲስ ሸውቂና የማይይዘው መስመር

ሸውቂን ማን ባሽሙሃንዲስ አላቸው? ጎረቤታቸው ላቢብ ይህን ጥያቄ ስንቴ አውጥቶ አውርዶታል። ሰውየው አርባ ዓመት ሹብራ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። በካይሮ ኢንተርኔት የገባበት ሕንፃ ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው ዋና መሐንዲስ የሆነ አንድ ጡረተኛ አያጣም። ማዕረጉንም የሚሰጡት ደረጃ ላይ የሚገናኙ ጎረቤቶች ናቸው።

ክቡርነታቸው ሲጠሩ በፒጃማና በነጠላ ጫማ ከች ይላሉ። ራውተሩን እንደ ሕመምተኛ ግንባር በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው «ትኩሳት አለው» ይላሉ። ገመዱን ነቅለው ጮክ ብለው እስከ ሠላሳ ይቆጥራሉ። አሥራ ሰባት ላይ ያናገራቸው ካለ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ።

«ይተንፍስበት እንጂ! አንተስ ከእንቅልፍህ እንደነቃህ ትሮጣለህ?»

መብራቶቹ ሲበሩ አራት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻያቸውን ጠጥተው ወደ ሁለተኛ ፎቅ ቤታቸው ይወርዳሉ።

የላቢብ ቤት መስመር ግን አልድን አለ። ሸውቂ ጠግነው በወረዱ በሩብ ሰዓት፣ ሐሳብ ገብቷቸው ወደ ቤት ስልኩ ይደውላሉ፤ ላቢብን በአክብሮት «ኡስታዝ» ነው የሚሉት።

«ኡስታዝ ላቢብ፣ ያዘ?»

«እስካሁን ይዞ ነበር፣ ባሽሙሃንዲስ። አሁን ጠፋ።»

«የምቀኛ ዐይን ነው! መጣሁ!»

አንድ ቀን የላቢብ ልጅ ኔርሚን በኢንተርኔት የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሳለች ስልኩ ጮኸ። ጠያቂዋ አፏን እንደከፈተች ስክሪኑ ላይ ደርቃ ቀረች። ደዋዩ ሸውቂ ነበሩ። «ያዘ?»

በማግሥቱ የመጣው የስልክ ሠራተኛ ግድግዳውን አይቶ ሳቀ። «ስልኩንና ኢንተርኔቱን የምትለየው ትንሿ ሳጥን የለችም እኮ! ስልኩ በጮኸ ቁጥር መስመሩ ይወድቃል። ማን ነው እንዲህ የሚደውልላችሁ?»

ላቢብ እየበረረ ወረደ። አንቱታውን ደረጃው ላይ ጣለው። «ልጄን ከሥራ ያስቀረሃት አንተ ነህ! ከጨርቅ ሻጭ ምን ይጠበቃል!» በሮች ተከፈቱ። ሸውቂ «ይቅርታ፣ ኡስታዝ» አሉና በራቸውን ቀስ ብለው ዘጉ።

ከዚያ ወዲህ መስመሩ አንዴም አልተቋረጠም፤ ስልኩም አልጮኸም። ጎረቤት ሲጠራቸው ሸውቂ «እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ» ይላሉ። የሕንፃው ዘበኛ ላቢብን «ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥተዋል፤ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ነው የሚያነጉት» አለው።

ያን ቀን ሠራተኛው «ሳጥኗን ማን ነቀላት?» ብሎም ጠይቆ ነበር። ላቢብ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ደረጃው ሮጠ። አምና ቤት ሲያስቀባ፣ ግድግዳውን ታበላሻለች ብሎ ነቅሎ የጣላት ራሱ ነው። ደረጃው ላይ ሲጮህም ያውቅ ነበር።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ወረደና ሁሉንም ነገራቸው። ሸውቂ ትክ ብለው አዩት።

«ልጅቷ ሥራውን አገኘች?»

«አላገኘችም። ሌላ እየፈለገች ነው።»

«እና እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ የልጅቷን እንጀራ ዘጋሁ እያልኩ…» አልጨረሱትም። «አንተ አህያ!»

«አዎ፣ ባሽሙሃንዲስ።»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ! የሰደብከኝ እዚያ አይደል? ሂድና እዚያው ተናገር።»

ላቢብ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ እስከ ስድስተኛ ፎቅ እንዲሰማ፣ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ጮኾ ተናገረ። በሮች ተከፈቱ፤ አንዱ ሳቀበት። እሱም ደገመው።

ሲመለስ ሸውቂ ሶፋው ላይ አንገታቸው ዘንበል ብሎ ያንኮራፉ ነበር። አንዱ ነጠላ ጫማቸው ወልቋል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ነበር።