የታንከሮቹ ሙግት

እናንተዬ፣ ሙግት ለሚወድ ሰው ቁጥር አትስጡ፤ እኔ ሰጥቼ አይቻለሁ። ከሞላሌ ወረድ ብሎ በሁለት ታንከሮች ላይ የውሃውን ልክ የሚናገር መሣሪያ ስተክል፣ ፓምፑን የሚያዘው ኮምፒውተር እንዲለያቸው ለላይኛው ሰፈር ታንከር አድራሻ አንድ፣ ለታችኛው ሁለት ሰጠሁ። ታዲያ የታችኛው ሰፈር ሽማግሌ ጋሽ ደምሴ ዝም ይላሉ? ሰባት ቤት ቆጥረው፣ «አገሩን ያቀኑት የእኛ አባቶች ናቸው፤ ሁለተኛ አንባልም!» አሉ። የቀበሌው ሊቀመንበርም፣ «ሕዝቦች እኩል በሆኑበት ዘመን ታንከር ይበላለጣል?» ብሎ የሁለቱንም አድራሻ አንድ አስደረገኝ።

ኮምፒውተሩ የማንን እንደሚሰማ ግራ ገባው፤ ባዶውን ታንከር ሙሉ ነው ብሎ ፓምፑን አጠፋው። በሳምንቱ ጋሽ ደምሴን ባዶ ጀሪካን ይዘው ወደ ምንጭ ሲወርዱ አገኘኋቸው።

«ውሃውስ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

ደረታቸውን ነፍተው፣ «ውሃ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሁለተኛ ግን አልተባልንም!» አሉኝ።