ሦስት ሽማግሌ ከአንድ የሴት ካፖርት

በዓልና ብርድ ተማክረው የሚመጡ ይመስለኛል። ገና ሲደርስ የቦንጋ ጠዋት ጭጋጉን ተከናንቦ ይነሳል። የቀን መቁጠሪያው «በጋ ነው» ይላል፤ ጉልበቴ ግን በዚህ ጉዳይ ከመቁጠሪያው ጋር ተስማምቶ አያውቅም። ስለዚህ እኛ ዘንድ የገና ልብስ ሁለት ግዴታ አለበት፤ ማሞቅም ማማርም። እንዲህ ያለ ልብስ በሱቅ ሞልቷል። ችግሩ ዋጋውን የሰማ ሰው ሳይለብሰው ማላቡ ነው።

ደግነቱ እኔ አለሁ። ራስን ማመስገን ነውር መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ግን ሌላ አመስጋኝ እስኪገኝ ሥራ መቆም የለበትም። በጂኦግራፊ መምህር ደመወዝ አራት ልጆች አልብሼ ያሳደግኩ ሰው ነኝ፤ ያውም በበዓል ቀን የማን ልጆች ናቸው እያሰኘሁ። ምስጢሩን ልንገራችሁ? ሰልባጅ ተራ የሚሄድ ሰው ሁሉ ልብስ ይፈልጋል፤ ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። እኔ የምፈልገው አንገት፣ ገበር፣ ቁልፍ፣ ኪስ ነው። ልብሱ ከዚያ በኋላ ይገጣጠማል። ባለቤቴ አልማዝ «አንተ እኮ ልብስ አትገዛም፤ ቅርጫ ነው የምትገባው» ትለኛለች። ትበል። ቅርጫ የገባ ሰው ጦሙን አያድርም።

ይህ ችሎታዬ ለቁም ነገር የተፈለገው ባለፈው ገና ነው። የእህቴ ልጅ ብሩክ፣ እዚሁ ቦንጋ ነርስ ነው፣ የማንኪራ መንደሯን ልጅ ሰላምን ካላገባሁ ብሎ እህል ውሃ አልል አለው። አባቷ አቶ ወልዴ ቡናም ማርም ያላቸው፣ ቃል ግን የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። በኅዳር ሽማግሌ ሆነን ሄደን፣ ግቢያቸው ውስጥ እንደቆምን «እናስብበት» ብለው መልሰውናል። ይሁን፤ በመጀመሪያ መመለስ ያለ ነው። ያስደነገጠን በኋላ የሰማነው ወሬ ነው። ለካ የአንድ የዋጫ ከተማ ቡና ነጋዴ ልጅም ሽማግሌ ልኮባታል። ሽማግሌዎቹ በመኪና፣ በሙሉ ልብስ፣ በከረባት ነው የመጡት አሉ። እኛ የሄድነው ዝናብ ባበሰበሰው ጃኬት ነበር።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ካመለጠችኝ አለቀልኝ» አለኝ ብሩክ አንገቱን ደፍቶ። እናቱ ካረፈች ወዲህ አባቱም አጎቱም እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን ይህን ስጠኝ ብሎኝ አያውቅም። አሁን የለመነኝ ነገር ደግሞ በሰው እጅ ነው።

አልማዝ እንደ ልማዷ ነገሩን አቀለለችው። «ጋቢያችሁ ይታጠብና ልበሱት። ሽማግሌ የሚያምረው በጋቢ ነው።»

«ጋቢማ ማን የሌለው አለ?» አልኳት። «ከረባት በጋቢ አይረታም።»

ከገናው በፊት ባለው ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ክምሩን ሳገላብጥ አንድ ረዥም የሴት ካፖርት እጄ ገባ፤ መልኩ ቡናማ፣ ገበሩ ቀይ ሐር መሳይ፣ አንገቱ ደግሞ ጥቁር፣ ጸጉራም፣ እስከ ትከሻ የሚተኛ። ሻጩ «ለእትዬ ነው?» አለኝ። «ለሦስት ሽማግሌ ነው» አልኩት። በርኅራኄ አየኝና ዋጋ ቀነሰልኝ።

ልብስ ሰፊው ዘንድ ቅርጫው ታረደ። ቀዩ ገበር ለጋሽ ሰይድ ሻርፕ ሆነ፤ ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥቶ እኛ ሰፈር ሱቅ ከከፈተ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጎረቤቴ ነው። ቡናማው ጨርቅ ለአባባ ገብሬ ሰደርያ ሆነ፤ አባባ ገብሬ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው። ጸጉራሙ አንገት እኔ ከድሮ ጀምሮ በነበረኝ ጥቁር ካፖርት ላይ ተሰፋ። ለምን ለእኔ ትሉ እንደሆነ፣ ቃል አቅራቢው እኔ ነኝ። ሰልባጅ ባሕር ተሻግሮ፣ ታጭቆ የመጣ ነውና የራሱ ሽታ አለው፤ ግማሽ ብልቃጥ ሽቶ አርከፈከፍኩበት። ጸጉሩንም በማበጠሪያ አበጠርኩት። የራሴን ራስ ካበጠርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ የሚበጠር ነገር የለም።

በገና ማግስት እሁድ በጠዋት ተነሳን። መኪናው እስከሚያደርሰን ሄደን፣ የቀረውን በጫካው መንገድ በእግር ተያያዝነው። ማንኪራ ስንደርስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኖ ጭጋጉ ተገልጧል፤ ፀሐይም ወጥታለች። ወብቆኛል። ግን ኮቱን ማን ያወልቃል! አቶ ወልዴ በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩን ዓይናቸው አንገቴ ላይ ቀረ። በልቤ «ይኸውላችሁ ዋጫዎች» አልኩ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ግቡ፣ ወደ ቤት ግቡ» አሉን።

እንግዲህ ሥርዓቱን ታውቃላችሁ። ለልጅ ጥያቄ የሄደ ሽማግሌ ግባ ሲሉት አይገባም፤ ተቀመጥ ሲሉት አይቀመጥም። ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል፣ እሺ ሲባል ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ሥርዓት ላይ ቀልድ አላውቅም።

«ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣነው፤ እሺ ሳንባል አንገባም» አልኩ፤ ጉሮሮዬንም ጠራረግኩ። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነውና ጣፋጭ ጣፋጩን አዘጋጅቼ ነበር።

ያኔ አንዲት ንብ መጣች። ሽቶዬ አበባ መስሏት ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ። ቀጥሎ አምስት ሆኑ። ከቤቱ ጎን፣ ከቡናው ጥላ ሥር፣ የቀፎዎቹን መደርደሪያ ያየሁት ገና ያን ጊዜ ነው።

«መምህር፣ እባክዎ ቶሎ ይግቡ!» አሉ አቶ ወልዴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ሲግደረደሩ ነው አልኩ። «በፍጹም! ልጅዎን ለልጃችን ለብሩክ...» ስል የመጀመሪያዋ ጆሮዬ ላይ ወጋችኝ። ሁለተኛዋ ጸጉሩ ውስጥ ገብታ መውጫ አጣች፤ ከዚያ በኋላ የነበረውን መቁጠር ተውኩ። እንዳልሮጥ ዋጫዎቹ ትዝ አሉኝ፤ ሮጦ ያመለጠ ሽማግሌ ሁለተኛ በዚያ ደጅ ምን ፊት ይዞ ይቆማል? የብሩክ የተደፋ አንገት መጣብኝ። ቆምኩ። ዓይኔ እያበጠ፣ ከንፈሬ እየከበደ ስለ ዘራችን ጨዋነት ተናገርኩ።

አቶ ወልዴ ከአንቱታው ወጡ። «አውልቀው አንተ ሰውዬ! ጥቁርና ጸጉራም ነገር ሲያዩ አውሬ መጣብን ነው የሚሉት!»

«እሺ ሳንባል አናወልቅም!» አልኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም።

ጭስ ይዘው ደረሱ፤ ኮቱን ከላዬ ገፈው ወረወሩት፤ የራሳቸውን ጋቢ አከናንበው እየጎተቱ ቤት አስገቡኝ። ጋሽ ሰይድና አባባ ገብሬ ቀድመውኝ ገብተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ሥርዓትን እንዲህ የሚንቁ ሰዎች ናቸው። አንዲት ንብ እንኳ አልነካቻቸውም።

የሰላም እናት ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ያብሱልኛል፤ አቶ ወልዴ መውጊያዎቹን በጥፍራቸው እየፋቁ ያወጣሉ። እኔ በማትከፈተው ከንፈሬ «ታዲያ መልሱ...» አልኩ።

አቶ ወልዴ እጃቸውን ገቱ። «መምህር፣ ባለፈው ስትመጡ ግቡ ብያችሁ ነበር?»

አሰብኩ። አላሉንም ነበር።

«የማልሰጠውን ሰው ከደጅ ነው የምሸኘው» አሉ። «ዛሬ ግቡ ያልኩት ልጄን ስለሰጠሁ ነው። ለዋጫዎቹም አይሆንም ብዬ ከበዓሉ በፊት ልኬላቸዋለሁ። እሷ የምትፈልገው ብሩክን ነው፤ እኔ ልጄን ለከረባት አልድርም። ይኸው ምሳውም ከጠዋት ጀምሮ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል።»

በአንድ ዓይኔ ዞር ብዬ አየሁ። ሌላው ተከድኗል። እውነት ነው፣ ገበታው ተዘርግቷል፤ ሰላምም ከጓዳው በር ቆማ በነጠላዋ አፏን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ደስ የሚል ሳቅ አላት። ብሩክ ለምን እህል ውሃ እንደራቀው ገባኝ፤ እኔም ከነእብጠቴ ሳቅኩ፤ አመመኝ።

ማታ ቦንጋ ስንገባ ብሩክ ደጅ ቆሞ ይጠብቀናል። ፊቴን ሲያይ ክው አለ። «ተሰጥታሃለች» አልኩት። ጉልበቴ ላይ ወድቆ አለቀሰ። «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ለእኔ ብለህ?» አለኝ። ጋሽ ሰይድ «ኧረ ልጄ፣ ነገሩስ ቀድሞ...» ሲል እግሩን ረገጥኩት።

ምን ላድርግ ትላላችሁ? ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሆኗል፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይኖራሉ። ብሩክ ሚስቱን ያገኘው በእኔ ፊት ዋጋ ይመስለዋል፤ ሰላምም እውነቱን እያወቀች ዝም ብላለች፤ ጨዋ ልጅ ናት። በየበዓሉ ከአባቷ ማር የመጀመሪያውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። አልማዝ በጎን ታየኛለች። እኔ ሳላፍር እበላለሁ።