ዕቃ መላሿ ወይዘሮ እና የአቶ ተገኝ ቬፕ

ሐበሻ በሰፈረበት የጀርመን ከተማ ሁሉ አንድ ዕቃ መላሽ አይጠፋም። ቄስ ሊጠፋ ይችላል፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ሊጠፋ ይችላል፣ ዕቃ መላሽ ግን አለ። እንደ ማንኛችንም ሱቅ ገብቶ ይገዛል፤ እንደ ማንኛችንም ቤቱ ወስዶ ይጠቀማል። ከዚያ በኋላ ነው ከእኛ የሚለየው፤ ተመልሶ የባለሱቁን ጠረጴዛ በክርኑ ተደግፎ ዕቃውን ያስረክባል። እኛ ውጭ ቆመን ስለ እሱ እናፍራለን። በሳምንቱ ግን የማይሠራ የፀጉር ማድረቂያ ይዘን በሩን የምናንኳኳው እኛው ነን።

የፍራንክፈርት ቦርንሃይም ዕቃ መላሽ፣ ክብርት ወይዘሮ ሰብለወንጌል ናቸው። ጡረታ የወጡ ነርስ ሲሆኑ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ቁስል ሲያጥቡ ኖረው አሁን የሱቅ አስተዳዳሪዎችን ያቆስላሉ። መመሪያቸው "ገዛሁ ማለት ወሰንኩ ማለት አይደለም" የሚል ነው። ሰላምታቸው ደግሞ "ካሰንቦኑስ?" ነው፤ የሱቁን ደረሰኝ ማለታቸው ነው። አዲስ ኮት ለብሶ ያገኙትን ሰው ያምርብሃል ከማለታቸው በፊት ካሰንቦኑን ይጠይቃሉ።

ግማሹ የተበላ ሐብሐብ መልሰዋል። "ግማሹን ካልበላሁ እንደማይጣፍጥ በምን አውቃለሁ?" ብለው ሻጩን ቢጠይቁት ገንዘባቸውን ቆጥሮ ሰጣቸው። የክረምት ቦት ጫማ በጸደይ መልሰዋል፤ በረዶ ስላልጣለ እንዳልተጠቀሙበት ይቆጠራል ነው የሚሉት። ከሁሉ በላይ ስማቸውን ያስጠራው የገና ዛፉ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዛፉን መንገድ ዳር አውጥቶ ከጣለ በኋላ፣ እርሳቸው ቅጠሉ ያለቀበትን ግንድ በኡባን፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ጭነው ወሰዱና የኛ ገና ከእናንተ ገና በኋላ እንደሆነ፣ ዛፉም በዓላችንን ሳይጠብቅ እንደረገፈ አስረዱ። ሻጩ አሰበ፤ አለቃውን ጠራ፤ አለቃውም አሰበ። ገንዘባቸውን መለሱላቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ፌስታል ያንጠለጠለ ሰው ወደ እርሳቸው ጠጋ ሲል ካያችሁ፣ ምክር ፈልጎ አይደለም። ወኪል ፈልጎ ነው።

ከርሳቸው አንድ ፎቅ በታች የሚኖሩት አቶ ተገኝ በዕድሜያቸው ሙሉ ምንም ነገር መልሰው አያውቁም። ወጣት ሆነው ለትምህርት መጥተው፣ በአንድ የግንባታ መሥሪያ ቤት ንድፍ ሲሥሉ ጡረታ የወጡ፣ ዝምተኛና ጨዋ ሰው ናቸው። ያለባቸው በሽታ ይሉኝታ ነው። እግራቸውን የሚያጣብቅ ጫማ ለዓመታት አድርገዋል፤ ተንበርክካ ያስለካቻቸውን ልጅ እንዴት እምቢ ይበሏት? ፀጉር አስተካካያቸው አንድ ጊዜ ተሳስቶ ጎንና ጎናቸውን ቢላጫቸው "በጣም ጥሩ" ስላሉት፣ ይኸው እስከ ዛሬ እንደዚያው ይላጫቸዋል።

በዚህ ላይ እጃቸውን ቁርጥማት ያዘው። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ አበጠ፣ አውራ ጣታቸው መጫን እምቢ አለ። የለመዱትን ሲጋራ ግን አልተዉም፤ እጃቸው ነው የተዋቸው። አንድ ቀን ሲጋራው ከጣታቸው አምልጦ ሶፋውን በሳው። ሌላ ቀን የጋቢያቸውን ጫፍ። ልጃቸው መነን በከተማው ሌላ ጫፍ ካለው ሰፈር፣ ከኒድ፣ መጥታ ሶፋውን አየች፣ ጣቷን በቀዳዳው አስገብታ ጥልቀቱን ለካች፣ ከዚያም ተናገረች።

"አባዬ፣ በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ። አንድ ቀዳዳ ከተጨመረ ዕቃህን ጭነን ኒድ ነው። ፌርቲሽ።"

ፌርቲሽ ስትል አለቀ ማለቷ ነው፤ መነን ጀርመንኛ ስትጨምር ይግባኝ የለም። አቶ ተገኝ ልጃቸውን ይወዳሉ። ኒድንም አይጠሉም፤ ወንዙ ዳር መሄድ ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ኒድ የሚዘረጋላቸው አልጋ ያለው የልጅ ልጃቸው ጥሩምባ በምትለማመድበት ክፍል ውስጥ ነው። ልጅቱ ደግሞ ገና ጀማሪ ናት።

ስለዚህ ሲጋራ ሊያቆሙ ተነሡ። የኒኮቲን ማስቲካውን ቢያኝኩ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ተነቀለ፤ ፕላስተሩን ቢለጥፉ ቆዳቸው አሳከከ። ሐኪማቸው በመጨረሻ፣ ቬፕ የሚሉት የኤሌክትሪክ ሲጋራ ጤና ነው ብዬ አልመክርዎትም፣ ሶፋ ግን አያቃጥልም አላቸው። አቶ ተገኝ በርገር ሽትራሰ በተባለው ጎዳና ላይ ወዳለው የቬፕ ሱቅ ሄዱ። እዚያም ዕድላቸው ተበላሸ፤ ሻጩ ሐበሻ ሆኖ ተገኘ።

ተኪኤ ይባላል፣ የአሥመራ ልጅ ነው። ገና በሩን ሲከፍቱ "አቦይ"፣ አባቴ፣ ብሎ ወንበር ሳበላቸው። አቦይ ብሎ ወንበር የሳበን ሰው አቶ ተገኝ እምቢ ሊሉት አይችሉም። የመጀመሪያው ቬፕ ለማብራት ቁልፉን አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መጫን፣ ሲስቡም ጫን ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። ተኪኤ በማሳያው ላይ ጠቅ ጠቅ ሲያደርገው የአቶ ተገኝ አውራ ጣት ከሩቁ ታመመ። "በጣም ጥሩ ነው" አሉና ገዙ። በሳምንቱ ተኪኤ መንገድ ላይ አግኝቷቸው እንዴት ሆነልዎት ቢላቸው "ግሩም ነው፣ ተባረክ" አሉት፤ ልጁ ደስ ብሎት ከዚያ የሚበልጥ፣ ከብረት የተሠራ፣ የመኪና ጎማ የሚያስፈታ የሚመስል ሸጠላቸው። ሦስተኛው ፈሳሹ ከጠርሙስ የሚቀዳ ነው። ጠርሙሱ ሕፃናት እንዳይከፍቱት ተብሎ ክዳኑ ካልተጫኑት አይዞርም። ሕፃናትንና አቶ ተገኝን እኩል የሚከለክል ክዳን ነበር።

ሦስቱም መሳቢያ ውስጥ ገቡ። ሁለቱ እንዲያውም ካርቶናቸው አልተከፈተም፤ የተሸፈኑበትን ፕላስቲክ መቅደድ አቅቷቸው ነው። አቶ ተገኝም ወደ ሲጋራቸው ተመለሱ፤ እንዳይወድቅባቸው ግን ዘዴ ፈጠሩ። እጀታው ወፍራም የሆነ ሹካ ፈልገው፣ ሲጋራውን በሹካው ጥርሶች መካከል ሰክተው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ማጨስ ጀመሩ።

ወይዘሮ ሰብለወንጌል ከላይኛው በረንዳ ምንጣፍ ሲያራግፉ ወደ ታች አዩ።

"አቶ ተገኝ፣" አሉ ረጋ ብለው፣ "ጭስ በሹካ መብላት የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?"

ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ወርደው መጡ። አቶ ተገኝ ጉዳዩን ሁሉ፣ ሶፋውንም ኒድንም ጥሩምባውንም ነገሯቸው፤ መሳቢያውንም ከፈቱ። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ሦስቱን ዕቃዎች አንድ በአንድ አገላብጠው አዩና ካሰንቦኑስ ብለው ጠየቁ። አቶ ተገኝ እዚያው ሱቅ ቅርጫት ውስጥ እንደጣሉት ተናገሩ፤ ደረሰኙን ኪሳቸው ቢከቱት ተኪኤ ያላመኑት እንዳይመስለው ብለው ነው። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ይህን ሲሰሙ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። በነርስነት ዘመናቸው እንኳ ይህን ያህል የባሰበት ሰው አላዩም።

በማግሥቱ ፌስታሉን ይዘው ወደ ሱቁ ሄዱ። አቶ ተገኝ ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ፤ በየመንገዱ የሚያውቁት ሰው ባገኙ ቁጥር ፌስታሉ የርሳቸው እንዳልሆነ ሁሉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ተኪኤ ዕቃዎቹን ሲያይ ፈገግታው ቀረ። በትሕትና፣ ቬፕ አንዴ ከተሸጠ እንደማይመለስ አስረዳ።

"አፍ የነካው ነገር አይመለስም፣ አደይ። የንጽሕና ጉዳይ ነው።"

"የማን አፍ ነው የነካው?" አሉ ወይዘሮ ሰብለወንጌል። "ይህ ሰው እኮ ማብራትም አልቻለም። ጥርሱ የነካው ካርቶኑን ብቻ ነው።"

ተኪኤ ግራ ተጋብቶ ወደ አቶ ተገኝ ተመለከተ። ግሩም ነው ያሉት፣ ተባረክ ያሉት እርሳቸው አይደሉም? ወይዘሮ ሰብለወንጌል በሰው ፈንታ የማይናገሩት ነገር የላቸውም፤ በዚያ ቀን ግን እጃቸውን አጣጥፈው ከጠረጴዛው ፈቀቅ አሉ። "የኔ እጅ አያመኝም" አሉ። "የታመመው ይናገር።"

አቶ ተገኝ ስለ አየሩ ሁኔታ ሊጀምሩ አሰቡ። ከዚያ ጥሩምባው ትዝ አላቸው።

"ልጄ፣" አሉ ወለሉን እያዩ፣ "ቁልፉን መጫን አልችልም። ጠርሙሱንም መክፈት አልችልም። እጄን ያመኛል። አንተን ላለማስቀየም ነው ዝም ያልኩት።"

ተኪኤ አንገቱን ደፋ። እርሱም የሚናዘዘው ነበረው። አቦይ ሰላም ሲሉት ሁልጊዜ ለምን መዳፋቸውን ትተው የእጃቸውን አንጓ እንደሚሰጡት ገርሞት ነበር፤ ግን ትልቅ ሰውን እጅዎ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለው። "ሁልጊዜ ከምሳ የተነሡ፣ እጅዎን ያልታጠቡ ነበር የሚመስለኝ" አለ።

ወይዘሮ ሰብለወንጌል ሁለቱን ተራ በተራ አዩ። "በይሉኝታ ልትጨራረሱ ነበር" አሉና ቦርሳቸውን ከፈቱ።

ከቦርሳው የወጣው የቁስል ማሰሪያ ፋሻ ነው። የተኪኤን ጣቶች ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ ጠቀለሉ፤ አውራ ጣቱን ለብቻው አስረው እንዳይታጠፍ አደረጉ። "ከአሁን በኋላ አቶ ተገኝ አንተ ነህ" አሉት። "አሁን ዕቃህን ምረጥ።"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሱቁ የሆነውን ያዩ ደንበኞች እስከ ዛሬ ያወራሉ። ተኪኤ ቁልፍ ያላቸውን በክርኑ ሊጫን ሞከረ። ብረቱን ቬፕ እግሩ ላይ ጣለው። ጠርሙሱን በጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ ክዳኑን በሁለት እጁ ሲታገል ያየች አንዲት ጀርመናዊት አምቡላንስ ልትጠራ ስልኳን አወጣች። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ከወንበራቸው ሳይነሡ ፍርድ ይሰጣሉ። ቁልፍ ያለው ይውጣ። የሚከብድ ይውጣ። የሚያንሸራትት ይውጣ። ከጠርሙስ የሚሞላ ሁሉ ይውጣ፤ ፖዱ፣ ማለትም የፈሳሹ ዕቃ፣ ቀድሞ የተሞላና በማግኔት ራሱ ልክክ የሚል ብቻ ይቅር።

በመጨረሻ አንድ ቀረ። ወርቃማ ነው፣ እንደ እስክሪብቶ ቀጭን፣ እንደ ላባ ቀላል። ቁልፍ የለውም፤ ሲስቡት በራሱ ይበራል። ተኪኤ በታሰሩ እጆቹ መዳፍና መዳፍ መካከል ይዞ ሳበው፤ በራ። በላብ ተጠምቆ ሳቀ።

"ይኸው" አሉ ወይዘሮ ሰብለወንጌል። "ወሰንኩ።"

እኚህ ሴት ይህን ቃል ሲያወጡ የሰማ ሰው አልነበረም።

አቶ ተገኝ ቬፑን ተቀበሉ። ጣቶቻቸው ሊይዙት ሲጠጉ፣ ሲጨብጡት፣ መገጣጠሚያቸው ሁሉ ጮኸ። ቀጭን ነገር መያዝ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ጣት እስከ መጨረሻው ካልታጠፈ አይይዘውም። ያንን ደግሞ በፋሻ የታሰረ ጤነኛ እጅ አያውቀውም። ቀና ሲሉ ሁለት ሰዎች ፊታቸውን እያዩ ይጠብቃሉ። አንዱ በላብ ርሷል፤ ሌላይቱ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወስነዋል። "በጣም ጥሩ ነው" የሚለው ቃል ከአቶ ተገኝ ጉሮሮ ተነሥቶ እስከ ጥርሳቸው ደረሰ።

እዚያ አቆሙት።

"አይሆንም" አሉ።

ድምፃቸው ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው፤ ስለዚህ ደገሙት። "አይሆንም። ይቀጥናል። የቀጠነ ነገር ያመኛል።"

ወይዘሮ ሰብለወንጌል አልተቆጡም። ሕፃን ልጇ አፉን የፈታላት እናት እንደምታደርገው ወደ ተኪኤ ዞረው "ሰማህልኝ?" አሉት። "አይሆንም አለ እኮ።"

አቶ ተገኝ አንዴ ከጀመሩ ወዲያ አላቆሙም። ዘወር ብለው ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ነገር አነሡ። አጭርና ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ጎማ የለበሰ፣ ቁጭ ያለ እንቁራሪት የሚመስል። ተኪኤ ማንም ስለማይፈልገው ሊጥለው ያሰበው እንደሆነ በሐፍረት ተናገረ። ሙሉ መዳፋቸውን ሞላው፤ ጣታቸውን ማጠፍ አላስፈለጋቸውም። ሲስቡት በራ፤ ፖዱም ቀድሞ የተሞላ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ሽቦ መሰካት የለም፤ ማስቀመጫው ላይ ቁጭ ማድረግ ነው። "ይህን" አሉ። ያልተከፈቱትን ሁለቱን ካርቶኖች ተኪኤ መልሶ ተቀበለ፤ እጁ በፋሻ እንደታሰረ ከወይዘሮ ሰብለወንጌል ጋር መከራከር አልፈለገም።

በወሩ መጨረሻ መነን መጣች። ሶፋውን አገላበጠች፣ መጋረጃውን አሸተተች፣ አዲስ ቀዳዳ አጣች። "አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?" አለች። ማንጎ ነው አሏት። ኒድ ያለው አልጋ ለእንግዳ ቀረ፤ ጥሩምባውም ብቻውን ቀጠለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን አቶ ተገኝ አንድ ነገር እያስተዋሉ መጡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ፌስታል የያዘ ሰው ወደ ወይዘሮ ሰብለወንጌል መጠጋት ተወ። የሰዉ ሁሉ ልጆች ለወላጆቻቸው በስልክ ያዝዛሉ፣ በስልክ ይመልሳሉ፤ ፖስተኛው በር ድረስ መጥቶ ይወስዳል፣ ክርክር የለም። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ጥግ ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፤ የሚጠይቋቸው ሲያጡ የሰዉን ጫማ ያያሉ።

አቶ ተገኝ ሰኞ ዕለት ሱቅ ገብተው የእንቁላል መቀቀያ ማሽን ገዙ። እንቁላል አይበሉም። ማሽኑን ታቅፈው አንድ ፎቅ ወጡና የወይዘሮ ሰብለወንጌልን በር በክርናቸው አንኳኩ።

"ሻጯ ፈገግ ስትልብኝ እምቢ ማለት አቃተኝ" አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

"ካሰንቦኑስ?"

አቶ ተገኝ ከደረት ኪሳቸው አወጡት። በጥንቃቄ ታጥፏል፣ አልተጨማደደም። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ደረሰኙን አዩት፤ ካርቶኑንም አዩት፤ ከዚያ አቶ ተገኝን ረዘም አድርገው አዩአቸው።

"አልተከፈተም እኮ" አሉ።

"እጄን ያመኛላ" አሉ አቶ ተገኝ፣ ምንም ሳያፍሩ።

"ታዲያ ዛሬ ለምን ራስዎ አይመልሱትም? አይሆንም ማለት ተምረዋል።"

"እኔ ብቻዬን ከሄድኩ ሁለተኛ ገዝቼ ነው የምመለሰው።"

ወይዘሮ ሰብለወንጌል ኮታቸውን አነሡ።